ሐኪሙ «ስቴብል» ያለኝ ቀን

በእኛ ጊዜ እንግሊዝኛ ከትምህርት ቤት ግቢ አይወጣም ነበር፤ ደወል ሲደወል እዚያው ትተነው ነበር ወደ ቤት የምንሄደው። አሁን ግን ገበያም ብትሄዱ፣ ቀበሌም ብትሄዱ፣ ሐኪም ቤትም ብትሄዱ እሱ ቀድሟችሁ ደርሷል። እና እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ በዚያን ጊዜ ስምንተኛ ቀልድ አይምሰላችሁ! አገራችን ጄልዱ ውስጥ ደብዳቤ የመጣለት ሰው ሁሉ «ኦቦ ገመቹ ያንብብልኝ» እያለ እኔ ዘንድ ነበር የሚመጣው። ታዲያ ያቺ ስምንተኛ ክፍል ወንድሜን ልትገድልብኝ ምንም አልቀራትም።

ታናሽ ወንድሜን ፈይሳን ማለቴ ነው። ፈረስ ወዳድ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጋጣ ገብቶ ገብስ ሲሰጥ ፈረሱ ምን እንዳስደነበረው እንጃ፣ እዚህ፣ ከግራ ጎድኑ በታች ረገጠው። ረገጠውና ወደቀ። እኔና ሚስቱ ጫልቱ ተሸክመን፣ መኪና ለምነን፣ በዚያ ኮረኮንች እየተንገጫገጭን አምቦ ሐኪም ቤት አደረስነው። ተኛ፤ ግሉኮስ ተሰካለት፣ ሆዱ በመሣሪያ ታየ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ወጣት ሐኪም መጣ፣ ሆዱን ነካካ፣ ወረቀቱን አየና ወደ እኔ ዞሮ «አባቴ፣ ለጊዜው ስቴብል ናቸው» አለኝ።

ስቴብል! ቃሉን አውቀዋለሁ እኮ! መጽሐፋችን ላይ ቤት ውስጥ የቆመ ፈረስ ሥዕል ነበረበት፣ መምህራችን በአርጩሜው እየጠቆመ «ዲስ ኢዝ ኤ ስቴብል!» ይላል፣ እኛም በአንድ ድምፅ «ዲስ ኢዝ ኤ ስቴብል!» እንላለን። ጋጣ ማለት ነው። ታዲያ ደስ አለኝና «አዎ ዶክተር፣ ስቴብል ውስጥ ነው የረገጠው» አልኩት። ልጁም «እሺ እሺ» ብሎኝ ወደሚቀጥለው በሽተኛ አለፈ። ጆሮው ሌላ ቦታ ነበር መሰለኝ።

ጫልቱ ቀሚሷን ሰብስባ ከአልጋው ሥር ቁጭ ብላለች። «ማል ጄቹዳ? ምን ማለት ነው ያለው?» አለችኝ።

«ጋጣ ማለት ነው። የት እንደተመታ መዝግቦታል።»

«ስለ ሆዱስ?»

«ስለ ሆዱ ምንም አላለም።»

«እንግዲያ ምንም የለበትም ማለት ነዋ! ወደ ቤታችን እንውሰደውና ወጌሻው ይሸው።» ፈይሳም ከአልጋው ላይ ሆኖ «ውሰዱኝ፣ እዚህ መተኛት ሰልችቶኛል» ይላል።

እና እኔስ? ትንሽ ጠርጥሬያለሁ፣ አልዋሻችሁም። ሐኪም ስለ ጋጣ ምን አገባው? ብዬ ነበር በልቤ። ግን ተመልሼ ብጠይቅ አለማወቄ ሊታወቅ ነው! ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው! ወጣሁና እስከ ቀትር ዞሬ ወደ ጄልዱ የሚመለስ መኪና አግኝቼ በር ላይ አስቆምኩ።

በብብቱ ደግፈን ስናስነሳው ሲስተሯ ደረሰች። ጠና ያለች ሴት ናት። «ወዴት ነው ይኼ?» አለች።

«ወደ ቤት። ሐኪሙ ስለ ሕመሙ ምንም አላለም» አልኳት።

«ስቴብል ናቸው አላለዎትም?»

«ብሎኛል። ጋጣ ማለት አይደል?»

አልሳቀችም፤ ሰማችሁ? ብትስቅ ኖሮ ተናድጄ ይዤው እወጣ ነበር። ፈይሳን ቀስ አድርጋ አስተኛችውና «ኦቦ» አለችኝ፣ «እኛ ስቴብል የምንለው አልባሰበትም፣ ግን አልዳነም፣ ባለበት ቆሟል ለማለት ነው። ሆዳቸው ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል ብለን እየጠበቅን ነው። ወጌሻ ሆዳቸውን ቢያሽ እኮ በአንድ ሰዓት ያልቃሉ!»

ወጥቼ ሾፌሩን ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁት።

ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፈይሳን ላብ አሰመጠው፣ ከንፈሩ አመድ መሰለ፣ ጠራነው፣ አይመልስም። ያ ወጣት ሐኪም እየሮጠ መጣ፣ አልጋውን ራሱ እየገፋ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ይዞት ገባ። ጣፊያው ተቀዶ ኖሯል። ይኸውላችሁ፣ ይዘነው ወጥተን ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት መኪናው ጄልዱ ዳገት ላይ ነበር፤ ወንድሜም ከኋላ ተኝቶ።

ደጅ ላይ ስንጠብቅ ለጫልቱ ተናዘዝኩላት። «ጠርጥሬ ነበር፤ አፍሬ ነው ያልጠየቅሁት» አልኳት። እሷም «አንተስ አንዱን ትርጉም እንኳ ታውቃለህ፤ እኔ አንዱንም አላውቅም። ግን እኔ ጠየቅሁህ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲመሽ ሐኪሙ ወጣና፣ ሲስተሯ ነግራው ነው መሰለኝ፣ በአማርኛ «ተርፈዋል» አለን። ጫልቱ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተደፍታ «ገለቶሚ፣ ያ ዋቃ!» እያለች አምላኳን አመሰገነች። ፈይሳ ይኸው ዛሬም ፈረስ ይጋልባል።

ልጄ ሌንሴ ጊንጪ ከተማ እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ነገሩን ስነግራት መዝገበ ቃላቷን ገልጣ «አባዬ፣ አንተም አልተሳሳትክም፣ ሐኪሙም አልተሳሳተም» አለችኝ። ሁለቱም ‹መቆም› ከሚል ከአንድ የላቲን ሥር የመጡ ናቸው አሉ። ፈረስ የሚቆምበት ስለሆነ ጋጣው ስቴብል ተባለ፤ የማይናወጥ ነገርም ጸንቶ ስለሚቆም እንደዚያው። «ስልክ ሲቆራረጥ እኮ ‹ኔትወርኩ ስቴብል አይደለም› እንላለን» አለችኝ። እኔማ እሷ እንዲህ ስትል ስንት ጊዜ ሰምቼ አልፌያለሁ!

ከዚያ ወዲህ ጠያቂ ሆኛለሁ። በቀደም ራሴን አሞኝ ክሊኒክ ሄድኩ፤ አንዲት ልጅ እግር ሐኪም ሁለት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ደረደረችብኝ። «የእኔ ልጅ፣ አልገባኝም፣ በአማርኛ፤ እምቢ ካለሽ በኦሮምኛ» አልኳት። ፈገግ አለችና ቃል በቃል አስረዳችኝ።

— (ከአድማጮች አንዱ) ምን አለችዎት ታዲያ፣ ኦቦ ገመቹ?

ጨው ተው፣ ሥጋ ቀንስ፣ አረቄ የሚባል እንዳትቀምስ አለችኛ! እሱንስ በእንግሊዝኛ ብትተወው ይሻለኝ ነበር! (ሳቅ)