የአውቶቡስ ማቆሚያው ፊርማ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014፣ በስደት በምንኖርበት ላንድማርክ በተባለ ሰፈር ከሚገኘው ሕንፃችን ፊት ለፊት ያለው የአውቶቡስ ማቆሚያ እንዳይነሣ በየበሩ እየዞርኩ ያስፈረምኩት አቤቱታ፣ አብዛኞቹ ስሞች ከነዋሪዎቹ መዝገብ ጋር ስላልገጠሙ ውድቅ ተደረገ። ማቆሚያውም ተነሣ።

በተነሣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ወደ ሴቨን ኮርነርስ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት ስለዚሁ ጉዳይ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«እናቴን ለዳያሊሲስ እስከ ላይኛው መንገድ ማቆሚያ በእግሯ ነው የማደርሳት» አለች ሴትየዋ። «ፊርማው ተጣለ አሉ።»

«እኔ እንኳ ፈርሜ ነበር።»

«ተባረኩ፣ ጋሼ።»

«በስሜ ግን አይደለም።»

«እንዴት?»

«አገር ቤት ስሜ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ምን እንዳገኘኝ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ይሄ እኮ ቀበሌ አይደለም!»

«ወረቀት ወረቀት ነው፣ ልጄ።»

«እድር ላይስ?»

«እድርማ የልጆቼን ስም ሳይቀር አስመዝግቤያለሁ። ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ።»

«ድምፅስ ይሰጣሉ?»

«ከአንድም ምርጫ ቀርቼ አላውቅም። እዚያ ብቻዬን ነኝ፤ ማንም አያየኝም።»

«የእርስዎ ነገር! ለቀብሩ አምነው ለአውቶቡሱ ፈሩ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «አንቺስ ፈርመሻል?»

«እኔማ ፊርማ ሰብሳቢዋ ሴትዮ ስታንኳኳ ቲቪውን አጥፍቼ ዝም አልኩ። አማርኛዋ እንደ መንግሥት መግለጫ ነው፤ ማን እንደላካት በምን አውቃለሁ?»

«ጎበዝ!»

ከኋላቸው ተቀምጬ ከእኚህ ሰው አንድ መልስ ብቻ ፈለግሁ፦ በወረቀቴ ላይ የጻፉት የማንን ስም ነው?