የምጽዋው ዓሣ

ደባርቅ ላይ አውቶቡስ ስሳፈር ከፊቴ አንድ የኮሶዬ ገበሬ ተቀምጦ ነበር፤ ዘመድ ጠይቆ ከምጽዋ መመለሱ ነው። አጠገቡ ያሉት ባልቴት ስለ ባሕሩ ጠየቁት።

«ከውሃው ዳር፣ ከደጅ ጠረጴዛ ዘርግተው ዓሣ ያበላሉ። እኔም ተቀመጥሁ።»

«ሸጋ ነው?»

«አልቀመስሁትም፣ እናቴ። ሳህኑን ይዞ የመጣው አሳላፊ አብሮ አደጌ ነበር።»

«ታዲያ ምነው? ደስ አይልም?»

«በጣልያን ጦርነት ሞተ ተብሎ ተዝካሩን በልተናል!»

«በስመ አብ! መንፈስ ነው ወይስ ሰው?»

«ሰው ነው። አቅፎኝ አለቀሰ።»

«ምነው ይህን ሁሉ ዘመን ከቤቱ ቀረ?»

«ተማርኮ ባሕር ማዶ ወስደውት ነበር። ሲመለስ ሚስትህ አግብታለች አሉት። ትዳሯን አላፈርስም ብሎ እዚያው ቀረ።»

«አይ ሰው! ማን እንዳገባት አልጠየቀህም?»

«ጠየቀኝ እንጂ።»

«ምን አልኸው?»

«እውነቱን ነገርሁት። ያገባኋት እኔ ነኝ፤ የልጆቼ እናት ናት።»

ባልቴቷ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ብላ› አለኝ።»

«ለሷ ትነግራታለህ?»

«እንጃ፣ እናቴ። ኮሶዬም እየቀረበ ነው።»

ከኮሶዬ በፊት ባለችው አምባ ጊዮርጊስ ላይ ወራጁ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ አውቶቡሱ ሲቆም ግን መጨረሻውን ሳልሰማ አልወርድም ብዬ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም።