የተከፈለ ጥማድ

(ሰኔ ላይ፣ ዝናብ ባባራበት ጠዋት፤ አብረው ያቋቋሙት የገበሬ ፓርቲ ለሁለት ተከፍሎ በምርጫ ከተሸነፉ በኋላ፣ ሙላው ቀንበር ተሸክሞ ከጓንጉል አጥር ውጭ ቆሟል፤ ጓንጉል ከውስጥ በሩን ይዟል።)

ጓንጉል፦ አልኩህ እኮ። መጀመሪያ ይቅርታ፣ ከዚያ በሬ።

ሙላው፦ አንተ ሰው፣ ክረምቱ ሊያመልጠን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ደጋግሞ አርሷል። አንድ በሬ አንተ አለህ፣ አንድ በሬ እኔ አለኝ፤ እንደ ድሮው እንቀናጅና እንረስ።

ጓንጉል፦ እንደ ድሮውማ ፓርቲያችንም አንድ ነበረ።

ሙላው፦ እሱስ ከመቀናጆው አይደል የተወለደው? አንድ አንድ በሬ ይዘን ስናርስ፣ "ድምፃችንንስ ለምን አናቀናጅም" ያልከው አንተ ነህ። ምልክታችንም ጥማድ በሬ ሆነ።

ጓንጉል፦ ገበሬው ነቅሎ ወጣልን። ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች እንቅልፍ አጡ፤ የወረዳውን ምክር ቤት እኩሌታ ወሰድን።

ሙላው፦ ከዚያ አበላሸኸው።

ጓንጉል፦ እኔ? ከገዢው ፓርቲ ጋር እንጣመር ብሎ የመጣው ማን ነው?

ሙላው፦ ለማዳበሪያው ብዬ ነዋ። ብቻችንን ስንጮህ በወቅቱ መጣልን?

ጓንጉል፦ በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ከእነሱ ጋር አንድ ቀንበር ውስጥ አልገባም አልኩ። ዛሬም አልገባም።

ሙላው፦ ይኸው ምልክቱን እንኳ ተካፈልነው። አንተ ቀዩን በሬ፣ እኔ ጥቁሩን። እንደ ቅርጫ።

ጓንጉል፦ ገበያው ሁሉ ሳቀብን።

ሙላው፦ የገዛ አማቴ "ለመሆኑ በአንድ በሬ ማን ያርሳል?" አሉኝ። ማንን እንደመረጡ አልጠየቅኳቸውም።

ጓንጉል፦ እኔንም አልመረጡ። አንድ ወንበር አላገኘሁም።

ሙላው፦ እኔስ መች አገኘሁ? ታዲያ ምን ቀርቶን ነው የምንናከሰው? ደክሞኛል፣ ጓንጉል። ትናንት ደምሌ፣ ያ የገዢው ፓርቲ ተመራጭ፣ "ፓርቲህን ተውና በሬህን ከበሬዬ ጋር አቀናጅ" አለኝ። አንድ ጊዜ ወደ እነሱ ባዘነብል አንተን አሳጣኝ። አልደግመውም ብዬ ነው እዚህ የቆምኩት።

ጓንጉል፦ እንግዲያው ጨርሰው። ቡድንህን አፍርስ።

ሙላው፦ አፈረስኩ።

ጓንጉል፦ እሑድ ሰንበቴ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው" በል።

ሙላው፦ እላለሁ። አንጀቴ እያረረ እላለሁ። በል አሁን በሬውን አውጣ።

ጓንጉል፦ (በሩን አጥብቆ ይይዛል።)

ሙላው፦ ደግሞ ምን ቀረ? በሩን ልቀቀው እንጂ።

ጓንጉል፦ ጋጣው ባዶ ነው።

ሙላው፦ ቀዩስ?

ጓንጉል፦ ለፖስተር ማሳተሚያ ሸጥኩት። በየግድግዳው ተለጥፎ ያየኸው እሱ ነው።

ሙላው፦ በሌለ በሬ ነው እስካሁን ያስለመንከኝ?

ጓንጉል፦ ጥፋቱ የእኔ ነው ስትል መስማት ፈልጌ ነበር።

ሙላው፦ ሰማህ፤ እንግዲህ ጥገብ። እኔ ደምሌ ዘንድ መሄዴ ነው። ልጆቼ ፖስተር አይበሉ።

ጓንጉል፦ ሙላው።

ሙላው፦ ምን?

ጓንጉል፦ ስትሄድ... የእኔንም መሬት እንድታርሱልኝ አንሳለት።