የአካፋው እጀታና ጀሪካኑ

ቀጨኔ ዳገቱ ላይ ትንሽ ጂም አለችኝ። ልጆች ሲመጡ መጀመሪያ ብረት አላስነካም፤ የአካፋ እጀታ ነው የማስይዛቸው። አቋማቸው ሳይስተካከል ክብደት የሚባል ነገር የለም፣ በቃ! አንድ ቀን የአሥራ ሦስት ዓመቷን ሳሮንን እጀታውን አስይዤ ቁጭ ብድግ ሳሠራት፣ እናቷ እትዬ ሙሉ በሩን በርግደው ገቡ። እጀታውን ቀሟትና «አንተ ሰው፣ ልጄን ድንክ ልታደርጋት ነው? ብረት ቁመት ያስቀራል!» ብለው ጮኹብኝ። «እንጨት እኮ ነው እትዬ» ብል ማን ሰምቶኝ! «ነይ ውጪ፣ ውሃ ቀድቻለሁ!» ብለው ይዘዋት ወጡ።

ተከትዬ ብወጣ፣ ጂሙ በር ፊት ካለው የውሃ ቦኖ ሥር ምን ቆሟል? ሙሉ የሃያ ሊትር ጀሪካን! ሳሮን ልታነሳው ጎንበስ ስትል ደሜ ፈላ። «እንዳትነኪው!» ብዬ መሃል ገባሁ።

«ምን ሆነሃል? ሁሌም ዳገቱን የምታወጣው እሷ አይደለችም እንዴ?» አሉ።

«እኔ ጋ እዚህ ክብደት ላይ ገና አልደረሰችም!»

«ታዲያ ማን ሊሸከምልኝ ነው?»

እጀታውን ከእጃቸው ወስጄ በጀሪካኑ ማንጠልጠያ ውስጥ አሾለክሁና አንዱን ጫፍ ያዝኩ። «እኔና እርስዎ!»

እያጉረመረሙ ሌላኛውን ጫፍ ሊይዙ ሲጎብጡ ሳሮን ቀደመችኝ፤ «እማዬ፣ ወገብሽን ቀጥ አድርጊ! በጉልበትሽ ተነሺ!»