የጁነይድ መታሻ ዘይት

«እታፈራሁ፣ እንዴት ዋልሽ? ማሽላችሁ ተወቃ? የኛን እንኳ ወፍ ጨርሶት አገዳው ነው የቀረን። ይሁን፣ አልሀምዱሊላህ፣ ሰው ተረፈ… ያቺ ጥቁር ዶሮሽስ? መጣል ጀመረች አሉ። እሰይ!»

ቶይባ ይህን የምትለው መርሳ ውስጥ፣ ከጎረቤቷ ጋር የሚያዋስናትን አጥር ደገፍ ብላ ነው። ከተማው ከጦርነቱ ወጥቶ መንገዱ የተከፈተ ሰሞን ነበር። ከኋላዋ በረንዳው ላይ የልጇ የናጅዋ ባል ሕፃኑን ጁነይድን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሆዱን በዘይት ያሻል። የተመለሰው ትናንት ነው። ጁነይድ አባቱን አያውቀውምና ግቢውን በለቅሶ ያናጋዋል። አባትየው ደግሞ «በእምብርቱ ዙሪያ፣ በሰዓት አቅጣጫ…» እያለ ሚስቱን ያስተምራል። ቶይባ ዞራ አላየችውም። ድምፅዋን ግን ከፍ አደረገች።

«ለቅሶውን ሰማሽ? አይዞሽ፣ ሕክምና ነው። እኔና ናጅዋማ ምን እናውቃለን? ያኔ የልጁ ሆድ ደርቆ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሲያምጥ፣ መድኃኒት ቤቱ ተዘግቶ፣ እጃችንን በትንፋሻችን እያሞቅን ስናሸው፣ እግሮቹን ወደ ሆዱ አጠፍ ዘርጋ ስናደርግለት… ያለ ዘይት! ድፍረታችን! ዘይቱ ገና መንገድ ላይ ነበራ።

ቀኑን ታስታውሻለሽ አይደል? በወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ፣ ሰው ሁሉ ሚስቱንና ልጁን ሲሰበስብ፣ አንድ አዛኝ ሰው ‹ለልጁ መታሻ ዘይት ላምጣ› ብሎ ብድግ አለ። ዘይቱን በምን ይይዘው ይሆን ብዬ ስጨነቅ፣ ለካ ሻንጣ ይዟል። አስተዋይ ነው! ማሽላው ያኔ ገና ከጉልበት አላለፈም። እኛማ ማዶ ካለው ሱቅ መስሎናል… ውርጌሳ ጠየቀ፣ የለም። ደሴ ጠየቀ፣ የለም። አዲስ አበባ ድረስ ዘለቀ። የአባት አንጀት ምን ያደርጋል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። አንዳንዱ እንቁላል ግን በሚኒባስ ይሄዳል…»

ቶይባ ሳቀች። ያን ሰሞን በር በተንኳኳ ቁጥር ናጅዋ «እሱ ነው» እያለች ስትነሳ፣ እሱ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታጠባ ያየችው እሷ ናት።

«በመጨረሻ የጁነይድ ሆድ ሲለቅለትስ? እልልታዬን ሰምቶ ሰፈሩ ከተማው ነፃ የወጣ መስሎት ግልብጥ ብሎ አልወጣም? አንቺ ራስሽ በአንድ እግር ጫማ አይደል የመጣሽ! ከተማውን ከያዙት አንዱ፣ ጠመንጃ ያነገተ ሰውዬም ገብቶ ‹ምን ተገኝቶ ነው?› ሲለኝ የልጁን የሽንት ጨርቅ ዘርግቼ አሳየሁት። አፍንጫውን ይዞ፣ ግን ‹ደህና ዋሉ› ብሎ ወጣ። ተሰናብቶ የሚወጣ ሰው እንዴት ደስ ይላል…»

በረንዳው ላይ «በሰዓት አቅጣጫ» የሚለው ድምፅ ተቋረጠ። ናጅዋ ልጁን ከባሏ ጭን አንስታ አቀፈችው። ጁነይድ ወዲያው ጸጥ አለ። ሰውየው በዘይት የራሰ እጁን የት እንደሚያኖረው ጠፍቶት፣ ሁለቱንም አየር ላይ ይዟቸው ቀረ።

«ኧረ ዝም አለ! አየሽ፣ ዘይቱ ሠራ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም፤ እኔ ግን አልልም። ውሻ እኮ ግቢውን ጥሎ አይሄድም… እንዲያው ግን እቱ፣ የሆድ ድርቀትስ በመታሸት ይለቃል፤ ዓይን ሲደርቅ በምን ይታሻል? ካወቅሽ ብዬ ነው።

በይ ልግባ፣ እንግዳ አለብን። ዱዓ አድርጊለት እንጂ ለዚያ አዛኝ ሰው! አላህ ዕድሜውን ያርዝመው። ሽበት ያልብሰው። ጉልበቱ ከድቶት አልጋ ላይ ሲውል፣ ውኃ የሚያቀብለው ሲያጣ፣ ልጁን ያቁምለት። ልክ እሱ ለልጁ እንደደረሰለት… እንዲያው ምንም ሳያጓድል… ልጁም ይድረስለት። አሚን በይ እንጂ!»