የሩቁ ሌንስ

ኮምቦልቻ ሠርግ ላነሳ ተጠርቼ ነው። የሙሽራዋ አባት «ሴቶቹ ዘንድ ድርሽ እንዳትል» ስላሉኝ የቅርቡን ሌንስ ደሴ ትቼ የሩቁን ብቻ ያዝኩ። ኬላው ላይ አንድ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጥበቃ ቦርሳዬን ሲፈትሽ አገኘው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከሩቅ ፎቶ ማንሻ ነው፣ ጓድ።»

«ከሩቅ ማንን ነው የምታነሳው?»

«ሙሽራ። ወላሂ ሙሽራ ነው።»

«እስቲ እኔን አንሳ።»

ሌንሱ ከቅርብ አያሳይምና ፊቱ ጉም ሆነብኝ። «ትንሽ ልራቅ» አልኩና ወደ ኋላ መራመድ ጀመርኩ። በራቅሁ ቁጥር ጠመንጃው ከትከሻው እየወረደ መጣ።

«ወዴት ነው?» አለኝ።

ባለሁበት ቆሜ ሌንሱን አስተካክዬ አነሳሁት። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ፊቱ እንደፈዘዘ ነው፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ወደ እኔ የዞረው አፈሙዝ ብቻ ነው።