ከጠራ ሰማይ የመጣ ጎርፍ

መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ከደጋ ወርደው በሰመራ በኖሩባቸው ዐሥራ ስድስት ዓመታት፣ አጽዋማትንና በዓላትን ቀምረው የሚያውጁት፣ የመዝሪያውንና የመሰብሰቢያውንም ቀን የሚቆርጡት እርሳቸው ነበሩ። ዘንድሮ ግን ምእመናኑ ከቅዳሴ ሲወጡ ከበው የሚጠይቁት ራኬብን፣ የሜትሮሎጂ ጣቢያዋን ወጣት ባለሙያ ሆነ። ሰው ሁሉ ሲመርቃት መሪጌታ በሰሙ ቁጥር፣ ቅንዓት እንደ ነቀዝ ውስጥ ውስጡን ይበላቸው ነበር።

ነሐሴ ዘጠኝ ቀን፣ ለነዳያን ቀለብ የተዘራውን የሰበካውን በቆሎ ሊያዩ ወደ አዋሽ ዳር ሲወርዱ፣ ከማሳው ጫፍ ላይ ከራኬብ ጋር ድንገት ተገናኙ።

"የኔታ፣ እንዴት ዋሉ? ወደ እርስዎ ልመጣ ነበር። በቆሎው ዛሬና ነገ ይሰብሰብ፤ ወንዙ ሊሞላ ነው።"

መሪጌታ ሽቅብ አዩ። የጥጥ ብናኝ የምታህል ደመና እንኳ የለችም።

"ልጄ፣ ጎርፍ ከጠራ ሰማይ መውረድ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? የሚሰበሰበው ጾሙ በተፈታ ማግስት ነው ብዬ በዐውደ ምሕረት አውጄአለሁ። ወይስ ዐዋጄንም ልትሽሪው አማረሽ?"

"ኧረ የኔታ፣ ምን ቆርጦኝ! ግን በዚህ አገር ሰማዩ ሌላ፣ ወንዙ ሌላ ነው። በክረምት እርጥብ ነፋስ ከሩቅ ባሕር ተነሥቶ በደቡብ ምዕራብ ይገባል። የደጋው ተራራ ሲገጥመው ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን ውሃ እዚያው ያዘንበዋል። ወደ እኛ ቆላ ሲወርድ እንደ ገና ይሞቃል፤ እንስራው ግን ባዶ ነው።"

"ተራራው ለፀሐይ ቅርብ አይደለምን? ታዲያ ስለ ምን ይቀዘቅዛል?" አሉ፣ አሁንስ ያዝኋት ብለው ደስ እያላቸው።

"አየሩን ይበልጥ የምታሞቀው ምድር ናት። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ደግሞ ይሳሳል፤ ሺህ ሜትር ሲወጣ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የኔታ፣ በባሕረ ሐሳቡ ቀመር መጥቅዕና አበቅቴ ሲደመሩ ስንት ናቸው?"

"ሠላሳ። አንዱ ሲበዛ ሌላው ያንሳል። ይህንማ የቆሎ ተማሪም አይስተው።"

"ከፍታና ሙቀትም እንደዚያው ናቸው።"

በገዛ ቀመራቸው መረታታቸው አንገበገባቸው።

"ደግሞ" አለች ራኬብ፣ "ካሕሳይ የሚባል ባልደረባዬ ከአዋሽ ከተማ ደውሎልኛል። ወንዙ እዚያ አብጦ አልፏል፤ በሁለት በሦስት ቀን እኛ ዘንድ ነው።"

በዚህ መካከል የማሳው ጎረቤት መሀመድአሚን ግመሎቹን ወደ ኮረብታው እየነዳ አለፈ።

"አንተም የእርሷን ወሬ ሰምተህ ነው የምትሸሽ?" ሲሉ መሪጌታ ጮኹበት።

"ወላሂ፣ እኔ የሰማሁት ከአባቴ ነው!" ብሎ ሳቀ። "አዋሽ የሚጠጣው እናንተ ደጋ፣ የሚያስመልሰው እኛ ላይ!"

'ቃሏን ከምቀበል በቆሎው ቢሄድ ይሻላል' የሚል አሳብ በመሪጌታ ልብ ብልጭ አለ፤ ወዲያውም ደነገጡ። የቃየልም ቅንዓት የተፈጸመው በእርሻ ላይ ነበርና።

"ደወሉን እኔው እደውላለሁ" አሉ በዝግታ።

ደወሉ፤ ሕዝቡም ወጥቶ እስከ ማግስቱ ማታ በቆሎውን ሰበሰበ። መሪጌታ የጎርፉን ነገር ከማን እንደ ሰሙ ግን አልተናገሩም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ፣ ከጠራው ሰማይ በታች፣ አዋሽ ድፍርስ ሆኖ መጣና ባዶውን ማሳ ዋጠው። ከምእመናኑ አንዷ ወይዘሮ አባይነሽ ከመሪጌታ ጉልበት ላይ ወድቀው፣ "የየኔታ ጸሎት አዳነን!" ሲሉ ሕዝቡ እልል አለ። ራኬብ ከኋላ ቆማ ነበር። ምስጋናው ለመሪጌታ እንደ ማር ጣፈጣቸው፤ ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም።

"ተነሺ፣ ልጄ" አሉ ወይዘሮ አባይነሽን። "በእኔ ዐዋጅ ቢሆን ኖሮ የነዳያኑ ቀለብ ይኸው ከውሃው ጋር ቁልቁል ወደ አፋምቦ ሐይቅ በሄደ ነበር። ያዳነን የራኬብ ቃል ነው፤ እኔ ቀንቼ ስሟን ደበቅሁ። ከእንግዲህ የምንዘራው በተወለድንበት ደጋ ልማድ ሳይሆን፣ በምንኖርበት ምድር ጠባይ ነው። የላይኛውን ዝናብ ሳንጠይቅም የታችኛውን ሰማይ አንመን። ዕውቀት የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ ከልጅ አፍ ቢመጣም ስጦታው የእርሱ ነው።"

በሚቀጥለው እሑድ ምእመናኑ እንደ ልማዳቸው ራኬብን ከበቧት። መሪጌታን ሲያዩ መንገድ ሊለቁላቸው ቢሞክሩ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከኋላ ቆሙ።

"ተዉ፣ ተራዬን እጠብቃለሁ" አሉ። "እኔም የምጠይቃት አለኝ።"